ስልኩ የልጁ፣ ጥበቃው የማን?

በሰው አገር የሚያድግ የሐበሻ ልጅ በቤቱ ውስጥ ብዙ ኃላፊነት አለበት። ከትምህርት ቤት የመጣውን ደብዳቤ ለእናቱ የሚተረጉመው እሱ ነው። የመብራት ሂሳብ ከልክ በላይ ሲመጣ ደውሎ የሚከራከረው እሱ ነው። አባቱ አዲስ ስልክ ሲገዛ ዋትስአፑን የሚጭንለት፣ ፎቶዎቹን ከአሮጌው ስልክ ወደ አዲሱ የሚያሻግርለት፣ «አባዬ፣ ይህን ተጫን፣ ያንን አትንካው» እያለ የሚያስተምረው እሱ ነው። ወላጅም በዚህ ይኮራል፤ ኩራቱም ተገቢ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ሌላ ጊዜ ነው። ይኸው ልጅ በገዛ ስልኩ ላይ ምን እንደሚያይ፣ ከማን ጋር እንደሚጻጻፍ መከታተል የሚገባው ወላጅ፣ ስለ ስልኩ የሚያውቀው ልጁ ያስተማረውን ብቻ ሆኖ ሲገኝ ነው። ተጠባቂው የጠባቂው አስተማሪ ሆነ ማለት ነው። በዚህ ላይ አባት ሌሊት ታክሲ ይነዳል ወይም ፓርኪንግ ይሠራል፤ እናት ደግሞ በአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ተራዋን ትገባለች። ስልኩ ለልጁ የተገዛለት በፍቅር ነው፤ ከትምህርት ቤት ሲወጣ «ደርሻለሁ» ብሎ እንዲደውል ነው። ነገር ግን ስልኩ እቤት ገብቶ ሞግዚትም፣ ጓደኛም፣ የሰፈር ልጅም ሆኖ ቁጭ አለ።

ስለዚህ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራም፣ ቲክቶክ፣ ስናፕቻትና የመሳሰሉት ማኅበራዊ መገናኛዎች ለወጣቱ ምን ጥቅም እንዳላቸው፣ ምን ጉዳትስ እንደሚያስከትሉ፣ ወላጅም ምን ማድረግ እንደሚችል በዝርዝር መነጋገር ያስፈልጋል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የ13 ዓመት ነገር

ፌስቡክ በየካቲት ወር 2004 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሲጀመር የኮሌጅ ተማሪዎች መገናኛ ነበር። በመስከረም 2006 ዕድሜው 13 ለሞላ ለማንኛውም ሰው ተከፈተ። ኢንስታግራም በ2010፣ ስናፕቻት በ2011 ተከተሉ። ቲክቶክ ከቻይና ውጭ መሥራት የጀመረው በ2017 ነው። እንግዲህ ዛሬ 15 ዓመት የሆነው ልጅ እነዚህ ነገሮች የሌሉበትን ዓለም አያውቅም። ለወላጁ አዲስ መጥ የሆነው ነገር ለእሱ እንደ መብራትና እንደ ቧንቧ ውሃ ነው።

ፒው የተባለው የጥናት ማእከል በ2024 በአሜሪካ ከ13 እስከ 17 ዓመት የሆኑ ታዳጊዎችን ጠይቆ ነበር። ከአሥሩ ዘጠኙ ዩትዩብ ይመለከታሉ። ከአሥሩ ስድስት ያህሉ ቲክቶክና ኢንስታግራም ይጠቀማሉ። ግማሽ ሊሞሉ ጥቂት የቀራቸው ደግሞ ከኢንተርኔት «ያለማቋረጥ ለማለት ይቻላል» የማይለዩ መሆናቸውን ራሳቸው ተናግረዋል።

ብዙ ወላጅ «13 ዓመት ከሞላው ይፈቀዳል ተብሏል፤ እንግዲህ ሐኪሞች አጥንተውት ይሆናል» ብሎ ያስባል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ይህ ቍጥር የመጣው የአሜሪካ ምክር ቤት በ1998 ካወጣው የሕፃናትን የግል መረጃ ከሚጠብቅ ሕግ ነው። ሕጉ የሚለው ኩባንያዎች ዕድሜው ከ13 በታች ከሆነ ልጅ ያለ ወላጅ ፈቃድ መረጃ አይሰብስቡ ነው። ኩባንያዎቹም ፈቃድ ከመጠየቅ ይልቅ በሩን 13 ላይ ዘጉት። የ13 ዓመት ልጅ አእምሮ ለዚህ ነገር ደርሷል ብሎ የፈረደ ሐኪም የለም።

በሩም ቢሆን ዘበኛ አልነበረውም። የአሥር ዓመት ልጅ የተወለደበትን ዘመን አሳስቶ ከጻፈ ገባ። እዚህ ላይ ወላጆች ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። በአሥር ዓመቱ «13 ነኝ» ብሎ የተመዘገበ ልጅ፣ 15 ዓመት ሲሆነው በኩባንያው መዝገብ ላይ 18 ዓመት የሞላው አዋቂ ነው። ለታዳጊዎች ተብሎ የተሠራው ጥበቃም በአብዛኛው ያልፈዋል። ለምሳሌ ኢንስታግራም በመስከረም 2024 የታዳጊዎችን ገጽ ከማያውቁት ሰው ዕይታ ዝግ አድርጓል፤ የማያውቁት ሰው እንዳይጽፍላቸውም ከልክሏል። ከ16 በታች የሆነ ልጅ ይህን ለመቀየር ከፈለገ የወላጅ ፈቃድ እንዲያስፈልገው ሆኗል። ይህ ሁሉ ግን የሚሠራው ዕድሜው በትክክል ለተጻፈ ልጅ ነው።

ጥቅሙን መካድ አይገባም

«ስልክ ልጆቹን አጠፋቸው» ብሎ ማማረር ቀላል ነው። ነገር ግን እውነቱን ለመናገር ይህ መሣሪያ ለስደተኛው ማኅበረሰብ ያደረገለት ነገር ቀላል አይደለም። የስልክ ካርድ እየፋቁ ወደ አገር ቤት ይደውሉ የነበሩ ሰዎች ያስታውሱታል። «ደኅና ናችሁ? ደኅና ነን!» ሲባባሉ ደቂቃው ያልቅ ነበር። ዛሬ አያት ጎንደር ወይም ጅማ ቁጭ ብላ የልጅ ልጇ ጥርስ ሲነቅል በቪዲዮ ታያለች። ልጁም አያቱን የሚያውቃት በፎቶ ብቻ አይደለም፤ ድምፅዋን፣ ሳቋን፣ ምርቃቷን ያውቃል።

ይህ ነገር ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የታወቀው በጠፋ ጊዜ ነው። በኅዳር 2020 በትግራይ ጦርነቱ ሲጀመርና ስልክና ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ በውጭ አገር የነበሩ ብዙ ሰዎች እናታቸው ትኑር ትሙት ሳያውቁ ወራት አልፈዋል። መገናኛ ማለት ምን እንደሆነ እነሱን የጠየቀ ይረዳል።

ለቋንቋም ቢሆን ጠቅሟል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒዩተር ፊደላት ሥርዓት ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በአማርኛ የተጻፈ መልእክት ሌላው ሰው ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ የሚወጣበት ጊዜ ብዙ ነበር። ዛሬ አሜሪካ የተወለደ ልጅ በስልኩ ፊደል ይቈጥራል፣ የክራር ቅኝት ይለማመዳል፣ እናቷ በሥራ ምክንያት ልታሳያት ያልቻለችውን ዶሮ ወጥ ከቪዲዮ አይታ የምትሠራ ልጅ አለች።

ሌላም አለ። በዋሽንግተን፣ በሲያትል ወይም በለንደን የሚኖር ልጅ የሐበሻ ጓደኛ አያጣም። በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ በትምህርት ቤቱ ብቸኛ ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅ ግን ስሙን በትክክል የሚጠራለት እንኳ የለም። እንዲህ ያለው ልጅ እንደ እሱ ሁለት ባህል ይዘው የሚያድጉ እኩዮቹን የሚያገኘው በስልኩ ነው። በ2022 ፒው ባደረገው ጥናት ከመቶ 80 ታዳጊዎች ማኅበራዊ መገናኛ ከጓደኞቻቸው ሕይወት ጋር ይበልጥ እንዳቀራረባቸው ተናግረዋል። ከመቶ 67ቱ ደግሞ በጭንቀት ጊዜ የሚደግፋቸው ሰው እንዳላቸው እንዲሰማቸው ማድረጉን መስክረዋል። ይህን የሚያጣጥል ወላጅ ልጁ የሚነግረውን ነገር ሁሉ ለመስማት በሩን ዘጋ ማለት ነው።

ጉዳቱ ከየት ይመጣል?

ጉዳቱን ለመረዳት ንግዱን መረዳት ይጠቅማል። እነዚህ መገናኛዎች በነፃ የሚሰጡ ይመስላሉ። ገቢያቸው በአብዛኛው ከማስታወቂያ ነው፤ ማስታወቂያ ደግሞ የሚሸጠው ሰው ዓይኑን ስክሪኑ ላይ ባቆየ መጠን ነው። አልጎሪዝም የሚባለው ቀመር ሥራው ልጁ የትኛው ቪዲዮ ላይ ጥቂት ሰከንድ እንደቆየ አይቶ፣ ያንኑ የሚመስል ሌላ ማቅረብ ነው። ቪዲዮው አልቆ ሌላው ሲቀጥል ልጁ «በቃኝ» የሚልበት ማቆሚያ አያገኝም። መጽሐፍ ምዕራፍ አለው፤ ፊልም መጨረሻ አለው፤ ይህ ግን የለውም። ስለዚህ «ልጄ ራሱን መግዛት አቃተው» ከማለት በፊት ከልጁ ማዶ ብዙ ባለሙያ ተቀጥሮ እንደተቀመጠ ማስታወስ ይገባል።

የመጀመሪያው ጉዳት በእንቅልፍ ላይ ነው። በግንቦት 2023 የአሜሪካ የጤና ዋና አማካሪ የነበሩት ዶክተር ቪቬክ መርቲ ስለዚህ ጉዳይ ለሕዝብ ማሳሰቢያ አውጥተው ነበር። በቀን ከ3 ሰዓት በላይ በማኅበራዊ መገናኛ ላይ የሚያሳልፉ ታዳጊዎች እንደ ድባቴና ጭንቀት ላሉ የአእምሮ ጤና ችግሮች የመጋለጣቸው ነገር እጥፍ እንደሚሆን የሚያሳይ ጥናት ጠቅሰዋል። ይኸው ማሳሰቢያ ጥቅሙንም ዘርዝሯል፤ ለልጆች ጉዳት የለውም ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ ግን የለም ብሏል። በእርግጥ ስልኩ ልጁን እንዳሳዘነው ወይስ ያዘነ ልጅ ወደ ስልኩ እንደሸሸ ሊቃውንቱ አሁንም ይከራከራሉ። ወላጅ ግን ክርክሩ እስኪያልቅ መጠበቅ አያስፈልገውም። ሌሊት 8 ሰዓት ድረስ ያልተኛ ልጅ ጠዋት ክፍል ውስጥ እንደሚያንቀላፋ ለማወቅ ጥናት አያሻም።

ሁለተኛው ጉዳት ራስን ከሌላው ጋር ማወዳደር ነው። በ2021 ፍራንሲስ ሃውገን የተባለች የቀድሞ የፌስቡክ ሠራተኛ የኩባንያውን የውስጥ ሰነዶች ይፋ አደረገች። ከሰነዶቹ አንዱ ኢንስታግራም ከሦስት ታዳጊ ሴቶች በአንዷ ላይ ስለ ሰውነቷ ያላትን መጥፎ ስሜት እንደሚያባብስ የኩባንያው የራሱ ጥናት ማመልከቱን ያሳያል። ኩባንያው በበኩሉ ጥናቱ በተሳሳተ መንገድ ቀርቧል ሲል ተከራክሯል። የሐበሻ ልጅ ላይ ደግሞ ሌላ ሸክም ይጨመራል። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ፀጉር የእሷን ፀጉር አይመስልም፤ ቆዳውም አፍንጫውም የሌላ ነው። «ቆንጆ ነሽ» የሚላት እናቷ ብቻ ከሆነች፣ የእናት ቃል ከሺህ ላይክ ጋር ይፎካከራል።

ነገሩ እስከ ሞት የሚያደርስበት ጊዜ አለ። በ2017 በለንደን አካባቢ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ሕይወቷን አጥፍታ ተገኘች። የአሟሟቷን ምክንያት የመረመሩት ባለሥልጣን በመስከረም 2022 ሲወስኑ፣ ልጅቱ በድባቴ ሕመም ላይ ሳለች በኢንተርኔት ያየችው ነገር ለሞቷ አስተዋጽኦ እንዳደረገ ገልጸዋል። ልጅቱ አሳዛኝ ነገር አንድ ጊዜ ስታይ ቀመሩ ያንኑ እየደጋገመ ያመጣላት ነበር።

ይሉኝታና ዝምታ

ሦስተኛው ጉዳት በሐበሻ ቤት ከሁሉ የከፋው ሊሆን ይችላል፤ የሚያከፋውም ይሉኝታ ነው። ወንጀሉ እንዲህ ይፈጸማል። ከ14 እስከ 17 ዓመት ለሆነ ወንድ ልጅ አንዲት ቆንጆ ልጅ የምትመስል ትጽፍለታለች። ጥቂት ከተጫወቱ በኋላ የራቁት ፎቶ ትልክለትና እሱም እንዲልክላት ትጠይቀዋለች። ልጁ በላከ በደቂቃዎች ውስጥ ልጅቱ ትጠፋለች፤ በምትኳ ሌላ አገር የተቀመጠ ወንበዴ ይወጣል። «ገንዘብ ላክ፤ አለዚያ ፎቶህን ለእናትህ፣ ለትምህርት ቤትህ፣ ለጓደኞችህ ሁሉ እልካለሁ» ይለዋል። የጓደኞቹን ስም ዝርዝር ከገጹ ላይ ገልብጦ ያሳየዋል።

የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ፣ ኤፍ ቢ አይ፣ በታኅሣሥ 2022 ባወጣው ማስጠንቀቂያ በዓመቱ ውስጥ ቢያንስ 3 ሺህ ልጆች የዚህ ወንጀል ሰለባ መሆናቸውን ገልጿል። ከአሥራ ሁለት በላይ የሚሆኑትም ሕይወታቸውን አጥፍተዋል። አብዛኞቹ ሰለባዎች ወንዶች ልጆች ናቸው። ብዙ ወላጅ ደግሞ የሚጠብቀው ሴት ልጁን ነው፤ «ወንድ ልጅ ምን ይሆናል» ይላል።

እዚህ ላይ ወላጅ ቆም ብሎ ሊያስብ ይገባል። ወንበዴው ልጁን የያዘው በፎቶው ብቻ አይደለም። የያዘው ልጁ «አባቴ ቢሰማ ይገድለኛል፤ እናቴ በሰው ፊት ታፍራለች» ብሎ በማመኑ ነው። በቤት ውስጥ «ስማችንን እንዳታሰድብ»፣ «ሰው ምን ይለናል» እየተባለ ያደገ ልጅ፣ በእንዲህ ያለ ሌሊት የሚታየው የሰው ዓይን ነው። ይሉኝታ በሌላ ቦታ ጌጥ ነው፤ ሽማግሌን ያስከብራል፣ እንግዳን ያስተናግዳል። እዚህ ግን ለወንበዴው ያገለግላል። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ይመስላል።

ካፍ ከወጣ አፋፍ

አራተኛው ጉዳት ከልጆቹ ይልቅ አዋቂዎችን ያሳፍራል። ፍራንሲስ ሃውገን በጥቅምት 2021 በአሜሪካ ሴኔት ቀርባ ስትመሰክር ኢትዮጵያን በስም ጠርታለች፤ ሰዎችን የሚያስቆጣ ነገር በብዛት እንዲታይ የሚያደርገው ቀመር የብሔር ግጭትን እያራገበ ነው ብላለች። በታኅሣሥ 2022 ደግሞ በባሕር ዳር አባቱ የተገደለበት አንድ ኢትዮጵያዊ ከሌሎች ጋር ሆኖ፣ ስለ አባቱ በፌስቡክ የተሰራጨው ጽሑፍ ለግድያው ምክንያት ሆኗል ሲል በናይሮቢ ኩባንያውን ከሷል። ኩባንያው ጉዳዩ በኬንያ አይታይም ሲል ቢከራከርም፣ የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በሚያዝያ 2025 ክሱን የማየት ሥልጣን እንዳለው ወስኗል።

ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። የአገር ቤት ጠብ በቀጥታ ስርጭት ሳሎን ድረስ ይገባል። አባት ሶፋው ላይ ተጋድሞ ስድብ የሞላበት ንግግር ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያዳምጥ፣ ልጁ አጠገቡ የቤት ሥራውን እየሠራ ነው። ያ ልጅ በትምህርት ቤት ከሌላ ብሔር ኢትዮጵያዊ ጓደኛው ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ምሳውን ይበላል። ከአባቱ ስልክ የሰማውን ይዞ ሲሄድ ነገሩ ይበላሻል። «ልጅና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላል። ልጁን ስለ ስልክ አጠቃቀም ሊመክር የሚነሣ ወላጅ፣ ልጁ የእሱን አጠቃቀም እያየ መሆኑን አይርሳ።

አምስተኛውና የመጨረሻው የተጻፈ ነገር አለመጥፋቱ ነው። «ካፍ ከወጣ አፋፍ» የተባለው ለአፍ ወሬ ነበር፤ ዛሬ ለጣትም ሆኗል። ከ2019 ጀምሮ ወደ አሜሪካ ለመግባት ቪዛ የሚጠይቅ ሰው ባለፉት አምስት ዓመታት የተጠቀመባቸውን የማኅበራዊ መገናኛ ስሞች በማመልከቻው ላይ እንዲጽፍ ይጠየቃል። በሰኔ 2025 ደግሞ የተማሪ ቪዛ የሚጠይቁ ሰዎች ገጻቸውን ለሁሉም ክፍት እንዲያደርጉ ታዟል። እንግዲህ አገር ቤት ያለው የአክስት ልጅ ለትምህርት ሊመጣ ሲያመለክት፣ በ16 ዓመቱ ተቆጥቶ የጻፈው ነገር ይነበብበታል ማለት ነው። እዚህ ያለውም ልጅ ነገ ሥራ ሲፈልግ ቀጣሪው ስሙን ፈልጎ ማየቱ አይቀርም።

ሕጉ ምን ይላል?

መንግሥታት ዝም ብለው አልተቀመጡም። አውስትራሊያ በኅዳር 2024 ባወጣችው ሕግ ከ16 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች በትላልቆቹ ማኅበራዊ መገናኛዎች አካውንት እንዳይኖራቸው ከልክላለች፤ ሕጉም ከታኅሣሥ 10 ቀን 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። ቅጣቱ በልጁ ወይም በወላጁ ላይ ሳይሆን በኩባንያው ላይ ነው፤ እስከ 49.5 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ይደርሳል። በአሜሪካ በጥቅምት 2023 ከ40 በላይ ግዛቶች የፌስቡክና የኢንስታግራም ባለቤት የሆነውን ሜታን ከሰዋል። በጥር 2024 የኩባንያው ሹም ማርክ ዙከርበርግ በሴኔት ስብሰባ ላይ ከወንበሩ ተነሥቶ፣ ልጆቻቸው የተጎዱባቸውንና የሞቱባቸውን ወላጆች ዞሮ ይቅርታ ጠይቋል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ሕግ ግን ሌሊት ልጁ መኝታ ቤት አይገባም። እዚያ መግባት የሚችለው ወላጅ ነው።

ምን ይደረግ?

«ስልኩን መንጠቅ ነው!» የሚሉ አሉ። ቁጣቸው ይገባል። ነገር ግን የተነጠቀ ልጅ በጓደኛው ስልክ፣ በትምህርት ቤት ኮምፒዩተር፣ በሌላ ስም ይገባል። ከዚያም የባሰ ነገር አለ። ልጁ ችግር ቢገጥመውና ለወላጁ ቢናገር ስልኩን እንደሚነጠቅ ካወቀ አይናገርም። የሚጠብቀውን ሰው የሚፈራ ልጅ ጠባቂ የለውም። ስለዚህ ከመንጠቅ በፊት ሊደረጉ የሚችሉ፣ እንግሊዝኛ የማይጠይቁ፣ ገንዘብ የማያስወጡ ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ልጁ አስተማሪ ከሆነ ያስተምር። በሳምንት አንድ ቀን፣ እሑድ ከምሳ በኋላ ቡና ሲፈላ፣ ወላጅ ልጁን «ና እስቲ ልጄ፣ ይህ ቲክቶክ የሚባለውን አሳየኝ» ይበል። ምን እንደሚያስቀው፣ ማንን እንደሚከታተል ይጠይቅ። በዚያች ሰዓት ቁጣና ምክር አይግባ። ልጁ ሲያሳይ ወላጁ ያውቃል፤ ልጁም ወላጁ ሊሰማው እንደሚፈልግ ያውቃል።

ሁለተኛ፣ በስልኩ ላይ የተመዘገበው የልደት ዘመን ትክክል መሆኑ አብረው ይታይ። ገጹም ለማያውቁት ሰው ዝግ መሆኑ ይረጋገጥ።

ሦስተኛ፣ ሌሊት ስልክ ሁሉ ሳሎን ይደር። የልጁ ብቻ አይደለም፤ የአባትም የእናትም ስልክ እዚያው ቻርጅ ላይ ይሰካ። ሌሊት ሥራ የሚገባ ወላጅ ስልኩን ይዞ መሄዱ ግድ ነው፤ ይህንንም ልጁ ይረዳል። ለማንቂያ ተብሎ ከሆነ ጥቂት ዶላር የሚያወጣ ሰዓት ይገዛል።

አራተኛ፣ ክፉ ቀን ሳይመጣ አንድ ቃል ይነገር። ይህ ከሁሉ ይበልጣል። «ልጄ፣ ምንም ብታደርግ፣ ምንም ብትልክ፣ መጥተህ ንገረኝ። ሌሊትም ቢሆን፣ ሥራ ላይ ብሆንም ደውልልኝ። በመጀመሪያ እረዳሃለሁ፤ ቁጣው ካለ ኋላ ይደርሳል።» ይህን ለመናገር ለብዙ የሐበሻ አባት ይከብዳል፤ ከአባቱ ሰምቶት አያውቅምና። ሆኖም ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ልጁ ከተያዘ በኋላ የሚነገር ከሆነ ሊዘገይ ይችላል።

አምስተኛ፣ ልጁ በፎቶ ቢያዝ የሚደረገው ይታወቅ። ገንዘብ አይላክ፤ የከፈለ ሰው ደግሞ ይጠየቃል እንጂ አይለቀቅም። የተጻጻፉት አይሰረዝ፤ ማስረጃ ነው። ወንበዴው የተጠቀመበት አካውንት ለመተግበሪያው ሪፖርት ተደርጎ ይዘጋበት። በአሜሪካ ለፖሊስ ወይም ለኤፍ ቢ አይ ይነገር፤ በሌላ አገርም ፖሊስ አለ። ልጁ ፎቶውን ሲልክ ከ18 ዓመት በታች ከነበረ፣ በአሜሪካ የጠፉና የተበደሉ ሕፃናት ብሔራዊ ማእከል ያቋቋመው «ቴክ ኢት ዳውን» የሚባል ነፃ አገልግሎት አለ። ፎቶው ከልጁ ስልክ ሳይወጣ እንደ ጣት አሻራ ያለ መለያ ብቻ ተወስዶ፣ በፕሮግራሙ የተሳተፉ ኩባንያዎች ምስሉን ፈልገው እንዲያነሡት ይደረጋል። ልጁ ራሱን ስለ መጉዳት የሚናገር ከሆነ ደግሞ በአሜሪካ በማንኛውም ሰዓት 988 ይደወል። ይህ እብደት አይደለም፤ ነውርም አይደለም። እግሩ የተሰበረ ልጅ ሐኪም ቤት ይወሰዳል እንጂ አይደበቅም።

ስድስተኛ፣ ማኅበሩ ይተባበር። በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድ፣ በኮሚኒቲ ማእከል ወላጆች ሲሰበሰቡ ስለ ሕንፃ ግዢና ስለ ዓመት በዓል ይነጋገራሉ። በዓመት ሁለት ጊዜ እንኳ ኮሌጅ የገቡ ወጣቶች ወላጆችን ቁጭ አድርገው ስለ ስልኩ ቢያስረዱ፣ በአማርኛ፣ በትግርኛ፣ በኦሮምኛ፣ ብዙ ቤት ይድናል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ነው። እዚያም ላይ የአንዱ ቤት ልጅ ቢወድቅ ሌላው ቤት ወሬ ከማድረግ ይቆጠብ። አንድ ልጅ ለእናቱ ሳይናገር የሚቀረው እናቱን ፈርቶ ብቻ አይደለም፤ የእናቱን ጓደኞች ፈርቶ ነው።

የዛሬ ወላጆች ራሳቸው ሲያድጉ የጠበቃቸው ሰፈር ነበር። አንድ ልጅ ከማያውቁት ሰው ጋር ቆሞ ቢታይ ጎረቤት «አንተ የማን ልጅ ነህ? ወደ ቤትህ ግባ!» ይለው ነበር። ስክሪኑ ውስጥ ያለው ሰፈር እንዲህ ያለ ጎረቤት የለውም። በዚያ ሰፈር «የማን ልጅ ነህ?» የሚለው ሰው ወላጁ ብቻ ነው። ይህንንም የሚጠይቀው ልጁን ለመያዝ ሳይሆን፣ ልጁ መልሱን እንዳይረሳ ነው።